ለአጥቢያ ጋራዥ ቶርኖ ስንመርጥ

ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በሚቀርቡልን የራስ አገዝ ልማት ዕቅዶች ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያድስ አነስተኛ ጋራዥ ለማቋቋም የሚጠይቁ አሉ። አሳቡ መልካም ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ ማቆየት ለብዙ ባለንብረት ግዴታ እየሆነ መጥቷል። አሮጌው ቮልስ፣ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ናቸው፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ያሉ ወጣቶችም ሙያ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ በዕቅዱ የዕቃ ዝርዝር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው «ቶርኖ ማሽን፣ ብዛት 1» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከጋራዡ ዕቃዎች ሁሉ ውዱና ከባዱ፣ ግዢው ከተሳሳተም ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪው ይህ አንድ መስመር ነው።

ቶርኖ፣ በሙያ ማሠልጠኛዎች ሌዝ የሚባለው፣ ብረቱን እያሽከረከረ በቆመ ቢላ የሚልግ ማሽን ነው። ትራፓኖ መብሻውን ያዞራል፤ ቶርኖ ግን የሚሠራውን ዕቃ ያዞራል። ስለዚህ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ቡሽ፣ ፒን፣ የኩሽኔታ መቀመጫ፣ የፍሬን ታምቡር፣ ጥርሱ ያለቀበት ዘንግ፣ የእርሱ ሥራ ነው። የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ከሱማሌ ተራም ከምናለሽ ተራም ሲጠፋ፣ ከነሐስ ወይም ከብረት ቆርጦ የሚሠራው ባለ ቶርኖ ነው። ቶርኖ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ወደ ሌላ ቤት ይልካል፤ ገቢውም አብሮ ይሄዳል።

አንድ አጥቢያ ከአሥራትና ከስእለት በተሰበሰበ ገንዘብ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቶርኖ ገዝቶ ነበር። የማሽኑ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆጣሪ ግን ነጠላ ፌዝ ነው። ኤሌክትሪኩ ቢስተካከልም ኖሮ የሚያሠራው ባለሙያ አልተቀጠረም፤ ቢላና መለኪያም አልተገዛም። ማሽኑ ሁለት ክረምት በሸራ ተሸፍኖ ቆመ፤ አልጋውም ዛገ። ጉዳቱ በብረቱ ብቻ አልቀረም። ሰበካ ጉባኤው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሥራ መዋጮ ሲጠይቅ፣ ምእመናኑ አስቀድመው የጠየቁት «ያ ማሽን ምን ደረሰ?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ኮሚቴ ገንዘብ ከማጣት ይልቅ አመኔታ በማጣቱ ይጎዳል።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። አስቀድሞ ሥራው፣ ቀጥሎ ሰውና ኤሌክትሪኩ፣ በመጨረሻ ማሽኑ ይመረጥ።

ሥራውን ለመምረጥ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከአካባቢው መካኒኮች ጋር ተቀምጦ ባለፈው አንድ ዓመት ወደ ሌላ ከተማ ቶርኖ ቤት የላኩትን ዕቃ መመዝገብ ነው። ከዚያም ከመዝገቡ ውስጥ በውፍረት ትልቁን፣ በርዝመት ትልቁንና እጅግ ትንሹን ለዩ። የማሽኑን መጠን የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በአብዛኛው ቦታ በውፍረት ትልቁ የፍሬን ታምቡር ይሆናል። የቮልስ የኋላ ታምቡር ውስጡ 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የረጅሙ አሮጌ ላንድሮቨር ታምቡር 11 ኢንች፣ ማለትም ወደ 280 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የውስጡ ልክ ነው፤ የውጭው ጠርዝ ሲጨመርበት ከ300 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚናገሩትን ቁጥር መረዳት ያስፈልጋል። ማንኛውም ቶርኖ ሁለት የውፍረት ልክ አለው። አንደኛው ከአልጋው በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ነው። ሁለተኛው ቢላውን ከተሸከመው ተንሸራታች በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ሲሆን፣ ይህ ከመጀመሪያው ግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ታምቡር አጭር ስለሆነ ከተንሸራታቹ በስተግራ ይሽከረከራል፤ የመጀመሪያው ልክ ይበቃዋል። ረጅም ዘንግ ግን በተንሸራታቹ ላይ ያልፋልና በሁለተኛው ልክ ይወሰናል። ሻጭ የሚጠራው ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው።

ሌላም መደናገሪያ አለ። በእንግሊዝ አገር ልማድ የትንንሽ ቶርኖዎች መጠን ይጠራ የነበረው ከአልጋው እስከ መሐል ነጥብ ባለው ከፍታ ነው፤ በአሜሪካ ልማድ ደግሞ በሙሉ ውፍረት። ስለዚህ የእንግሊዙ «6 ኢንች» እና የአሜሪካው «12 ኢንች» አንድ ዐይነት ሥራ ይይዛሉ። በቻይና ማሽኖች ስያሜ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ10 ሲባዙ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ ሲ 6132 ማለት 320፣ ሲኤ 6140 ማለት 400 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚያውቅ ኮሚቴ በስም ብዛት አይታለልም።

የመኪና እድሳት ለሚሠራ የአጥቢያ ጋራዥ እኔ የምመክረው ከአልጋው በላይ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሜትር፣ በርዝመት ከ750 እስከ 1000 ሚሊ ሜትር የሚይዘውን ነው። በዋናው ዘንግ ውስጥ የሚያልፈው ቀዳዳም ከ38 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይሻላል፤ ረጅም ብረት ሳይቆረጥ ከኋላ ሊገባ የሚችለው በዚያ ነው። አልፎ አልፎ ለሚመጣ የኋላ ማስተላለፊያ ዘንግ ብሎ ሁለት ሜትር አልጋ ያለው ማሽን መግዛት ግን ገንዘብንም ቦታንም ማባከን ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከተማ ይላክ። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ከ40 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝኑ ትንንሽ ቶርኖዎች ደግሞ ለሰዓት ሠሪና ለትምህርት መልካም ናቸው፤ ታምቡር ግን አይሸከሙም። በቶርኖ ነገር ክብደት ጸጋ ነው። ቀላል ማሽን ቢላው ብረቱን ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራውም እንደ ታረሰ መሬት ፈር እያወጣ ይቀራል።

ፍጥነትም ከሥራው ይወጣል። ውፍረቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር አንድ ጊዜ ሲዞር 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረት በቢላው ፊት ያልፋል። በተለመደው የብረት ቢላ በደቂቃ 25 ሜትር ቢቆረጥ፣ ማሽኑ በደቂቃ መዞር ያለበት 27 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ፒን ላይ ግን ለዚያው 25 ሜትር 660 ያህል ዙር ያስፈልጋል። ጠንካራ ካርባይድ ቢላ ሲገባ ሁለቱም ቁጥሮች ከእጥፍ በላይ ከፍ ይላሉ። እንግዲህ ዝቅተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ ከ60 ዙር በታች የማይወርድ ማሽን ታምቡር ላይ ያስቸግራል፤ ቢላውን ያቃጥላል ወይም ይጮኻል። ሻጩ «በደቂቃ 2000 ይዞራል» ብሎ ሲመካ፣ እናንተ «በዝግታ ስንት ይዞራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቡሎን ጥርስ ጉዳይ በአሮጌ መኪና ላይ ተለይቶ ይመጣል። ቮልስና ቶዮታ በሚሊ ሜትር የተሠሩ ናቸው። በቀደሙት ላንድሮቨሮች ላይ ግን የእንግሊዝ ኢንች ጥርስ ይገኛል፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊ ሜትሩ 60 ዲግሪ ነው። የማሽኑ ጥርስ ማውጫ ዘንግ በኢንች ከሆነና ሚሊ ሜትር ማውጣት ካስፈለገ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ያስፈልጋል። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነውና አምስት ኢንች በትክክል 127 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሮጌ ማሽን ሲሸጥ ከሁሉ ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ተለዋዋጭ ማርሾች ናቸው። ሣጥናቸው ከማሽኑ ጋር ካልቀረበ ዋጋው ይቀነስ ወይም ግዢው ይቅር።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ቃል። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለና እስከሚገባ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ባለ ሦስት ፌዝ 220 ቮልት የሚሰጥ ኢንቨርተር አለ። ይህ የሚሠራው ግን የሞተሩ ታርጋ «220/380» የሚል ሲሆን ነው፤ በ220 እንዲሠራ ገመዱ ተለውጦ ይታሰራል። ታርጋው «380/660» ካለ በዚህ መንገድ አይሆንም። ኀይሉም ከ2.2 ኪሎዋት ባይበልጥ ለነጠላ ፌዝ መስመር ይቀላል። በውጭ አገር ያሉ ምእመናን ከአሜሪካ ማሽን ሊልኩልን ሲያስቡ ደግሞ፣ በዚያ ያለው መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛው 50 ኸርዝ መሆኑን እንንገራቸው። ሞተሩ እዚህ በስድስተኛ እጅ ዘግይቶ ይዞራል፤ ቮልቴጁም ካልተስተካከለ ይቃጠላል። የልግስና ስጦታ ከመርከብ ከመውጣቱ በፊት የሞተሩ ታርጋ ፎቶግራፍ ቢላክ ብዙ ድካም ይቀራል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? በእኔ አስተያየት፣ በእጃችን ባለው ገንዘብ ልክ ስናወዳድር፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ከባድ ማሽን ከአዲስ ቀላል ማሽን ይሻላል። ነገር ግን «በደንብ የተያዘ» የሚለው በዐይን አይታወቅም። ቀለም የተቀባ ማሽን ሁሉ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ለምርመራ የሚሄደው ቡድን ዳያል ኢንዲኬተርና ማይክሮሜትር የሚያነብ አንድ ባለሙያ ይዞ ይሂድ፤ ከአቅራቢያ ማሠልጠኛ መምህር ለምኖ መውሰድ ይቻላል፤ የአንድ ቀን አበሉም ከሚያድነው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ አልጋው ይመርመር። ቶርኖ የሚሠራው በአብዛኛው ቸክ ከሚባለው አናቂ መንጋጋ አጠገብ ስለሆነ፣ አልጋው የሚበላው እዚያ ነው፤ ወደ ኋላ ያለው ክፍል ግን እንደ አዲስ ይቆያል። ተንሸራታቹን ወደ ቸኩ አስጠግታችሁ፣ ሳይላላም ሳይከብድም እስኪሄድ ድረስ ማጥበቂያውን አስተካክሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ግፉት። መንገድ ላይ እየከበደ ሄዶ ከቆመ፣ አልጋው ከፊት ተበልቷል ማለት ነው። ጥቂት መክበድ የተለመደ ነው፤ ፈጽሞ መቆም ግን ትልቅ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ዋናው ዘንግ ነው። ኢንዲኬተሩን በዘንጉ አፍ ውስጥ ባለው ንጹሕ ክብ ላይ አሳርፋችሁ በእጅ አዙሩት፤ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ሊወዛወዝ አይገባም። ከዚያ በዘንጉ ውስጥ ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። መርፌው ዘልሎ ካልተመለሰ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ላልቶ ከሆነ ይጠበቃል፤ አልቆ ከሆነ ግን የእነዚህ ማሽኖች ኩሽኔታ ውድ ነው።

ሦስተኛው፣ ሊታለፍ የማይገባው፣ በማሽኑ ላይ ብረት ቆርጦ ማየት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብረት ከቸኩ 150 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይታሰር፤ ከኋላ ድጋፍ አይደረግለት። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ፣ ቢላው ሳይነካካ፣ በአንድ ጉዞ ስስ አድርጎ ይላግ። ሁለቱ ጫፎች በማይክሮሜትር ሲለኩ ልዩነታቸው ከ0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። ይህ ልክ የቅንጦት አይደለም። በግፊት የሚገባ ቡሽ ከቀዳዳው የሚበልጠው በ0.03 ወይም በ0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት ያነሰ። ማሽኑ ከዚህ የበለጠ ከሳተ ቡሹ በአንድ በኩል ይላላል፤ በሌላው በኩል አይገባም። ወለሉ ጠማማ ከሆነ አልጋውም ስለሚጣመም ተመሳሳይ ስሕተት ሊታይ ይችላል፤ ባለሙያው ይህን ለይቶ ያውቃል። በመጨረሻ ፍጥነቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ እየተለወጡ ይደመጡ፤ ጥርስ ወጥቶ ዳዶ ይሞከርበት። «መብራት ስለሌለ አሁን ማስነሣት አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መብራት ሲመጣ ተመልሳችሁ ሂዱ።

በዚህ ቦታ ስለ ግዢ ሥርዐታችን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ይሠራል፤ ዕቃው አንድ ስለሆነ። ያገለገለ ቶርኖ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ ርካሹም ብዙ ጊዜ አልጋው የተበላው ነው። ኮሚቴው አስቀድሞ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ከላይ የተጠቀሱትን ምርመራዎች ያለፈ ማሽን ብቻ ለዋጋ ውድድር እንዲቀርብ ቢወስን፣ የምርመራውንም ውጤት በቁጥር ጽፎ ከፕሮፎርማው ጋር ቢያያይዝ፣ ለሒሳብ መርማሪም ለምእመናንም የሚታይ መልስ ይኖረዋል። «ለምን ውዱን ገዛችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከማይክሮሜትር ንባብ የበለጠ ምስክር የለም።

ከማሽኑ በጀት ላይ ከሩብ ያላነሰው ለተጓዳኝ ዕቃ ይቀመጥ። ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ለታምቡርና ቅርጹ ላልተስተካከለ ዕቃ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ባለ አራት መንጋጋ ያስፈልጋል። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚዞር የኋላ ድጋፍ፣ የረጅም ዘንግ መደገፊያ፣ ቢላዎች፣ የቢላ መሞረጃ፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትር ይታሰቡ። ማጓጓዣውና ማውረጃ ክሬኑም አይረሱ፤ የዚህ መጠን ማሽን ከ600 ኪሎ ጀምሮ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በገመድና በወጣት ትከሻ የሚወርድ ዕቃ አይደለም።

ሰውን በተመለከተ፣ ባለሙያው ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ይቀጠር፤ ከምርጫውም ላይ ይገኝ። በአገራችን ብረት ሠሪን በንቀት ማየት የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ነገሩ ከአንዳንድ ሰው አንደበት ገና አልጠፋም። ካህናት አባቶች በጉባኤ ላይ ባስልኤልንና ኤልያብን ቢያነሡ፣ የደብተራ ኦሪትን ንዋያት በወርቅ፣ በብርና በናስ የሠሩት በእግዚአብሔር መንፈስ የተመረጡ ባለ እጆች እንደ ነበሩ ቢያስተምሩ፣ ለጋራዡ ከማሽኑ ያላነሰ ድጋፍ ይሆናል። ሥራውን የሚያፍርበት ወጣት ጥሩ ክፍያ ቢያገኝም አይቆይምና።

ቶርኖ ስላለ ብቻ የማይሠሩ ሥራዎች አሉ። ታምቡር ሲላግ ይሰፋል፤ ሊሰፋ የሚችልበት የመጨረሻ ልክ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ ያለፈ ታምቡር ደንበኛው ቢለምንም አይላግ፤ በፍሬን ጊዜ ሊሰነጠቅ ይችላል። የመሪ ክንዶችንና መገጣጠሚያዎችን በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ማስተካከልም እንዲሁ የተከለከለ ይሁን። ይህ ክልከላ ደንበኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ሠራተኛውን ከልመናና ከቍጣ ያድነዋል።

ጋራዡ የሚሠራበት ቦታ ከቤተ መቅደሱ ርቆ፣ የቅዳሴና የማኅሌት ሰዓት ድምፁ የማይሰማበት ይሁን። ስለ አለባበስ ግን ከሌሎች ጋራዦች ይልቅ በእኛ ዘንድ ጥንቃቄው ይበልጣል። ከጸሎት በቀጥታ ወደ ሥራ የሚገባ ወጣት ነጠላ ለብሶ፣ መቁጠሪያ በእጁ ጠምጥሞ፣ ማተቡም ከሸሚዙ ውጭ ተንጠልጥሎ ይመጣል። የሚዞር ቸክ ከእነዚህ የአንዱን ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ወደ ማቆሚያው ሳይዘረጋ ይጠቀልለዋል። ማተብ ይውለቅ አንልም፤ ወደ ሸሚዝ ውስጥ ገብቶ አንገትጌው ይቆለፍ። መቁጠሪያው በኪስ ይግባ፤ የእጅጌው ጫፍ ይጠቅለል፤ ረጅም ጠጕር ይታሰር፤ የእጅ ጓንት በቶርኖ ላይ ፈጽሞ አይደረግ። የቸኩ ቁልፍ ከእጅ ሳይለቀቅ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ተረስቶ በቸኩ ላይ ከቀረ ማሽኑ ሲነሣ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። የሊቃነ ጳጳሳትና የእንግዶች ጉብኝት ሲኖር ማሽኑ ቆሞ ይታይ፤ ቀሚስና ካባ ለብሶ በሚዞር ቶርኖ አጠገብ መቆም ለማንም አይፈቀድም። ለነጠላና ለጋቢ መስቀያ የሚሆን ችንካር ከጋራዡ በር ውጭ፣ ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ይመታ።